ውኃ የሚከፈትበት ዓሣ

ዶክተር ዓምደሚካኤል ዓሣ ያጠና፣ ዓሣ ያስተማረ፣ በዓሣ እንጀራውን የበላ ሰው ነው፤ በሁዳዴ ግን ዓሣ አይቀምስም። «ዓሣ እኮ ይፈቀዳል» እያሉ ለሚከራከሩት ጆሮውንም አይሰጣቸው። የዘንድሮው ሁዳዴ ደግሞ ከሁሉም ይለይበታል። እናቱ ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ በኮሮና ሲሞቱ በረራ ቆሞ ነበርና፣ አፈር እንኳ ሳያለብሳቸው ቀረ። ቀብራቸውን በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ሜይፌር ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ተቀምጦ በስልክ አየው። ያን ዕለት የሚመጣውን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳያጓድል ሊጾምላቸው ተሳለ።

የሚሠራበት የመንግሥት የዓሣ መሥሪያ ቤት እንግዲህ ዓሣ በልተህ ና ብሎ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ኦሬንጅ ፋርም የላከው ይህንን ሰው ነው።

ከከተማው በስተደቡብ ትልቅ ግድብ አለ። ግድቡ ሳይሠራ በፊት ወንዝ ነበር፣ በወንዙ ዳርም ሰዎች ነበሩ፤ የአያቶቻቸው መቃብር ዛሬ ከውኃው በታች ነው። ልጆቻቸው ኦሬንጅ ፋርም ሰፍረው፣ ዘመን የፈጀ ክርክር ተከራክረው፣ ዓሣውን ከመንግሥት ጋር እኩል እንዲያስተዳድሩ መንግሥት ሳይወድ በግዱ ፈረመላቸው። ቢጫ ዓሣ የሚሉት ዓሣ ለመራባት ወደ ላይ በሚወጣባቸው ወራት ውኃው ይዘጋል፣ ማጥመድ ይከለከላል። የሚከፈተው ግን በፊርማ አይደለም፤ የሁለቱም ወገን ተወካዮች ከአንድ መጥበሻ አንድ ዓሣ አብረው ሲበሉ ነው። ይህ የአባቶቻቸው ወግ ነውና ስምምነቱ ውስጥም ገብቷል። አንዱ ወገን ካልበላ ውኃው እንደተዘጋ ይከርማል።

ባለፈው ዓመት መብላት ቀርቶ መሰብሰብም አልተቻለም። የእንቅስቃሴ ገደቡ እንደታወጀ ፖሊስ ግድቡ ድረስ ወርዶ መረባቸውን አቃጠለ። ሰዎቹ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዓሣ ከርመው፣ ቂማቸውን ይዘው ነው የጠበቁት።

ዓሣው በሚበላበት አዳራሽ በር ላይ ሳኒታይዘር የሚያርከፈክፈው ሀቢሶ ነበር። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ እዚያው ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፣ የግድቡን ሰዎች ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጠውም እሱ ነው። መጥበሻውም ጋዙም የሱ ነው። የግድቡ ሰዎች ተጠሪ ማማ ዲኬሌዲ እንግሊዝኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ መንግሥትን በእንግሊዝኛ ማናገር ግን ሞታቸው ነው። በሶቶ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩና እንዲተረጉም ሀቢሶን አዩት።

«ምን አሉ?» አለ ዓምደሚካኤል።

«መረባችንን ያቃጠሉት የራሳቸውን ሰው መላክ አፍረው የሰው አገር ሰው ላኩ ወይ፣ እያሉ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዓሣው መጣ። ሙሉውን ተጠብሶ ጨው ብቻ ተነስንሶበታል። ማማ ዲኬሌዲ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አውርደው ቆረሱ፣ በሉ፣ መጥበሻውን ወደሱ ገፉት። ዓምደሚካኤል ማስኩን አላወረደም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጾም ላይ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

አገሩ ቢሆን በዚህ ነገሩ ያልቅ ነበር። «አይ፣ ጾመኛ ነው» ተብሎ ሽሮ ይቀርብለታል። እሱም የጠበቀው ይህንኑ ነው፣ የዋህ! እዚህ ግን ከኋላ አንድ ጎልማሳ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

ማማ ዲኬሌዲ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። ሀቢሶ ሲተረጉም ፊቱ ተቀያይሮ ነበር።

«አምና በሽታ ነው ብላችሁ ዘጋችሁብን። ባሌን እንኳ ዘመድ ሳይሰበሰብ ነው የቀበርኩት። ዘንድሮ ደግሞ እግዜርን አመጣችሁብን። አልበላም ካለ ይሂድ፣ መንግሥት ውኃውን ዘጋ ብለን ለሰዉ እንነግራለን።»

«መዝጋቴ አይደለም፣ ስለት አለብኝ» አለ ዓምደሚካኤል። «ሀቢሶ፣ እባክህ አስረዳልኝ። የእናቴ ስለት ነው።»

ሀቢሶ አልተረጎመም። እስካሁን «እርስዎ» ሲለው የቆየው ሰው አንቱታውን ጣለው።

«ዶክተር፣ ጾሙ ያንተ ነው፣ ረኀቡ የነሱ ነው። ስብሰባው ለፌብሩዋሪ መጨረሻ አልነበር? ማነው ወደ ማርች የገፋው?»

«የመሥሪያ ቤቴ ዳይሬክተር። ለኮሮና ጥንቃቄ ብሎ።»

«ጾም እንደምትይዝ ያውቃል?»

ዓምደሚካኤል አሁን ትዝ አለው። ዳይሬክተሩ በጥር ወር ቢሮው አስጠርቶት ነበር። ስለ ጾማችሁ ንገረኝ፣ ደስ የሚል ባህል ነው፣ መቼ ነው የሚገባው፣ ዓሣም አይበላም ማለት ነው፣ ብሎ ጠየቀው። እሱም የኛን ነገር የሚጠይቅ ባዕድ ተገኘ ብሎ ልቡ በደስታ ጠፋ፤ ቅበላውን፣ ሕማማቱን፣ ፋሲካውን አንድም ሳያስቀር ተረከለት። በሳምንቱ ስብሰባው ተራዘመ፤ ተወካይ ሆነህ ሂድ የተባለውም እሱ ሆነ።

ንዴቱ ከእግሩ ተነሥቶ ጆሮውን አጋለው። ለእናቱ የገባውን ስለት ወስደው የሰው ውኃ መቆለፊያ አደረጉት። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልቶ አያውቅም። ከዳይሬክተሩ ይልቅ ደግሞ ያንን ለፍላፊ አፉን ጠላው።

ማስኩን አወረደ። ቆረሰና ጎረሰ። ዓሣው ጣፋጭ ነበር፣ ይህም አናደደው። እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ «እማዬ፣ አንቺ ይቅር በይኝ» አለ በልቡ። ማንም አይዞህ አላለውም። ሀቢሶ ፊቱን ወደ ጋዙ አዞረ።

ስልኩ ጠራ፤ ዳይሬክተሩ ነበር። እጁ ቅባት ስለነበረ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በትንሽ ጣቱ ከፍቶ ድምፁን ለቀቀው።

«ጾምህን ስለማውቅ አልፈርድብህም» አለ ዳይሬክተሩ፣ በለዘበ እንግሊዝኛ። «ሁለቱ ወገን አልተስማሙም ብለህ ሪፖርት አድርግና ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ይቆዩኝ» አለ ዓምደሚካኤል። «እየበላሁ ነው።»

ማማ ዲኬሌዲ ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ መንግሥትን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ አናገሩት።

«ውኃው ተከፍቷል» ብለው ዘጉበት።

ለዓምደሚካኤል ምስጋና የሚባል አልወጣቸውም። ዓይኑ እንደቀላ እያዩት መጥበሻውን እንደገና ወደሱ ገፉት።

«ጭራው ቀርቷል» አሉት።

ዓምደሚካኤል ጭራውንም በላው።