ሰም የነካው ሳንቃ

ማስተዋልን ያናደዳት የጀልባዋ ማፍሰስ አልነበረም። ጀልባ ነው፣ ያፈሳል። ያናደዳት ወንድሟ አየነው ቀዳዳዎቹን በሰም እንደደፈናቸው ሲነግራት ፈገግ ማለቱ ነው።

ጀልባዋ የሁለቱ ናት። ከባሕር ዳር ገዝተው፣ በአይሱዙ አስጭነው፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ ያወረዷት እነሱ ናቸው። ስትመጣ ከኋላዋ ሞተር ነበራት፤ ጭሱና ጩኸቱ ለሐይቁ አይሆንም ተባለና ወለቀ። ሞተሩ ታስሮባቸው በነበሩት ብሎኖች ቦታ፣ በጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ላይ፣ አራት ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የላይኞቹ ሁለቱ እንኳን ብዙም አያስጨንቁም። የታችኞቹ ግን ሰው በዛ ሲል ውኃው ይደርስባቸዋል።

አባታቸው ንብ አናቢ ነበሩ። ማር የሚቀመጥበት ቅል ሲሰነጠቅ ሰም አቅልጠው ያፈሱበታል፣ በአውራ ጣታቸው ጠቅጠቅ ያደርጉታል፣ አለቀ። በእሳቸው እጅ የተደፈነ ቅል ሲያፈስ ያየ ሰው የለም፤ አገሩም ይመሰክራል። አየነው ታዲያ ያንኑ አደረገ። ሰም አቀለጠ፣ ቀዳዳው ውስጥ አፈሰሰ፣ ጠቀጠቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ዘንገናን የሚያህል ሐይቅ የአባቱ ቅል መሰለው።

መቅዘፊያውን የምትይዘው ማስተዋል ናት። እሱ ዳር ላይ ቆሞ እንግዳ ይጠራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ስለ ሐይቁ ጥልቀት የሌለ ወሬ ያወራል። ጀልባዋ ከተገዛች ጀምሮ አንድ ቀን እግሩን አስገብቶባት አያውቅም። ለምን ሲሉት፣ «ወገቤን ያመኛል» ይላል። ሐይቁ ደግሞ ዳር ዳሩን እንኳ እግር የማያስቆም ገደል ነው፤ በዚያ መንደር ዋና የሚያውቅ ሰው በመብራት ተፈልጎ አይገኝም።

ማስተዋል በሰሙ ዙሪያ ምስማር አስጠግታ ጫን ብትል ምስማሩ ያለ ምንም ችግር ገባ። የጀልባዋ ውጪ ፋይበር ነው፣ ውስጡ ግን እንጨት፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። ወዲያው ጀልባዋን ወደ ሸጡላቸው ወደ ጋሽ ባንተአምላክ ደወለች።

«ሰም?» አሉ ሰውየው። «ልጄ፣ ሰም የነካውን እንጨት ምንም ነገር አይዘውም። ቀዳዳውን አስፍተሽ ቆርቁሪው፤ ሰሙም የራሰው እንጨትም ይውጣ፤ ደረቁ እንጨት እስኪመጣ ድረስ እንዳታቆሚ። ከዚያ ኢፖክሲ በሚሉት ተቀላቅሎ በሚደርቅ ሙጫ ሙይው» አሏት።

«ሱቅ ውስጥ ዓይነቱ ብዙ ነው አሉ፣ የቱን ልግዛ?»

«በአምስት ደቂቃ ይደርቃል የሚሉትን እንዳትገዢ። እሱ ለተሰበረ እቃ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይደርቃል፣ ውኃ ሲከርምበትም ይለሰልሳል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ያዥ። መጀመሪያ ቀጭኑን ለቀዳዳው ግድግዳ አጠጪው፣ ቀጥለሽ የላመ የእንጨት ዱቄት ለውሰሽበት ጠቅጥቂ። ችግሩ የእናንተ አገር ብርድ ነው፤ በዚያ ብርድ በወጉ አይደርቅም። ቆላ ዘመድ የላችሁም?»

ነበራቸው። ጫግኒ የአክስታቸው ልጅ ስማቸው ሰፊ ግቢ አለው፣ ፀሐዩም አይሰስትም።

እንጅባራ፣ ዮርዳኖስ የምትባል ነጋዴ የቀለምና የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ወንድምና እህት ተፋጠጡ። ዮርዳኖስ ያላትን ኢፖክሲ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረችው፦ ሁለት ትንንሽ ቱቦ ያለው ፈጣኑ፣ እንደ ሊጥ በእጅ የሚታሸው፣ በሁለት ቆርቆሮ የሚመጣው ቀርፋፋው። አየነው ፈጣኑን አነሳና እህቱ አፍንጫ ሥር አመጣው።

«አምስት ደቂቃ ይላል። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ። ከውኃ በላይ ላለ ነገር ነውም ይላል። እሱንስ አነበብከው?»

«ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። ለፈረሰኞቹ በዓል የሚመጣው ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው። እኔ ላገር ለምድሩ ተናግሬያለሁ። አንቺ ጀልባዋን ጫግኒ ወስጄ ፀሐይ ላሙቃት ትያለሽ!»

«ከበዓሉ በኋላ እንሠራታለን። በበዓሉ ሰው አንጭንም።»

«እምዬስ?»

ይህችን ሲናገር ነው የማስተዋል ደም የፈላው። እናታቸው እማማ ሽታዬ ከዘንገና ውኃ እየቀዱ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ከጉልበታቸው በላይ ግን ገብተውበት አያውቁም። በልጅነታቸው ሲፈሩት የኖሩትን ሐይቅ ዘንድሮ መሐሉ ገብተው ዙሪያውን ያለውን ጫካ ከውኃው ላይ ሊያዩት ለምነው ነበር። ቃል የገባላቸው አየነው ነው፤ የምትቀዝፋቸው ግን እሷ።

«እምዬን በሰም ላይ አስቀምጬ አልወስዳትም» አለች።

«የአባታችንን ሰም አትስደቢ።»

«ሰሙን አይደለም የምሰድበው፣ አንተን ነው።»

ዮርዳኖስ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ማስተዋል ቀርፋፋውን ገዝታ ወጣች። አየነው ከኋላዋ ተከትሏት መጣና፣ «እሺ፣ ከበዓሉ በኋላ ይሁን» አለ። እሺ ሲል ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እሷም ሞኝ፣ አመነችው።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ማስተዋል ከከተማ በባጃጅ ወርዳ ሐይቁ ጋ ስትደርስ ጀልባዋ ውኃ ላይ ነበረች። ጀርባዋን ወደ ዳር ሰጥታ ታስራለች። የኋላ ሳንቃዋ ከላይ እስከ ታች አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። አንድም ቀዳዳ አይታይም። እናቷ መሐሉ ወንበር ላይ የክት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከዳር እንግዶች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ።

«ዘገየሽ» አሏት እናቷ።

አየነው ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆሟል። «ደፈንኩት» አለ። «አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ይኸው ድንጋይ ሆኗል፣ ንኪው።»

ነካችው። ጎንበስ ብላ በቀለሙ ላይ ጉብ ያለውን የታችኛውን ቀዳዳ በጣቷ ፈለገች፤ አገኘችው፤ አውራ ጣቷን አስደግፋ ገፋች። ብዙም አልገፋችም። ውታፉ ምንም ሳይቃወም ሾልኮ ወደ ውስጥ ገባና ተንከባልሎ እናቷ እግር ሥር ቆመ። ሁለተኛውን ገፋች፤ እሱም ተከተለ።

ማስተዋል መጮህ ፈልጋ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን ጠርታ፣ ከአባቱ ቅል እስከ ወገቡ ሕመም ድረስ ያለውን ልትዘረግፈው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቀና አለችና መቅዘፊያውን አንስታ ዘረጋችለት።

«ያዝ» አለችው። «ዛሬ አንተ ቅዘፋት።»

«ማስተዋል፣ ሰው እያየን ነው።»

«አዎ፣ እያየን ነው። ግባ።»

«ወገቤን...»

«መሐሉ ድረስ ብቻ። እምዬን አዙረህ አምጣት። ድንጋይ ሆኗል አላልክም?»

እማማ ሽታዬ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት።

«ና እንጂ አየነው» አሉ። «ግባና ውሰደኝ።»

አየነው መቅዘፊያውን ተቀበለ። አንድ እግሩንም አነሳ። ዓይኑ ግን እናቱ ላይ አልነበረም፤ ከቀዳዳዎቹ ሥር የሚላወሰውን ውኃ ነበር የሚያየው። እግሩን መልሶ መሬት ላይ አሳረፈው።

እማማ ሽታዬ ይህን አዩ። ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አንዱን ውታፍ አነሱ፤ ከአንድ ወገኑ እንደ ጠጠር የደረቀ፣ ከሌላው ወገን ለስላሳ ቢጫ ነው። አሸተቱት፤ ሰም ሰም ይላል። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ማስተዋል ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው።

ልጃቸው ፊት ሲደርሱ መዳፉን ገልብጠው ውታፉን አስቀመጡለት።

«የአባትህ ቅል ቢያፈስ የሚርሰው መደቡ ነበር» አሉት። «እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

በአዊኛ አንድ ነገር አጉተምትመው ዳገቱን ብቻቸውን ጀመሩት። ከላይ፣ ከከተማው በኩል፣ የፈረሶቹ ኮቴና ጭፈራው ይሰማል። አየነው በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በአንድ እጁ ውታፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ድምፁ ስልል ብሎ፣

«እንግዶቹንስ ምን እንበላቸው?» አለ።

ማስተዋል የጀልባዋን ገመድ እየፈታች ነበር፤ ከውኃ ልታወጣት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ቀዳዳውን አሳያቸው» አለችው።