የሚያልበው ጣሪያ

ሁለቱ ወንድማማቾች ለሁለት ዓመት እህታቸው ቤት ተገናኝተው አያውቁም። ጣሪያውን የመታው ታላቁ ነው፤ ግድግዳውን የለሰነው ታናሹ። ብርድ በገባ ቁጥር ታዲያ ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ጠዋት ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የግድግዳውም ጥግ ይሻግታል። ታላቁ፣ ግድግዳው ከመሬት ውሃ እየሳበ ነው ይላል። ታናሹ ደግሞ ጣሪያው በምስማሩ ቀዳዳ ያስገባል ባይ ነው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ያሳደገቻቸው እህታቸው ሁለቱንም ተራ በተራ እየጠራች ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ግን መላ መታች። ለየብቻ ልካ በተመሳሳይ ሰዓት አስመጣቻቸው። ደጅ ላይ ሲገጣጠሙ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም ተባባሉ። እሷ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያገኙ ቁርስ እንደሌለ ነግራቸው ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ታላቁ መሰላል አቁሞ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። ታናሹ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ በመዳፉ ዳበሰው። ከታች ደረቅ ነው፤ እርጥቡ ከላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ነው። ከመሬት አይደለም ብሎ ሊኩራራ ሲል ወንድሙ ጠራውና እሱም ወጣ። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፤ የቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ግን ሮጦ እንደመጣ ሰው ግንባር አልቦታል። ምስማሮቹ ዙሪያ ምንም የዝገት መስመር የለም። በኮርኒሱ ስንጥቅ በኩል ሞቅ ያለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል እንፋሎት ፊታቸውን ነካው። ቁልቁል ሲያዩ እህታቸው የደንበኞቿን ነጭ ልብስ አቧራ እንዳይነካው መስኮቱን ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ በተሰቀለ እርጥብ አንሶላ መሀል ቆማ ትተኩሳለች።

ተያዩ። ከሰማች ይከፋታል፤ ይባስ ብላ ሥራዋን ልትተው ትችላለች። ሳይመካከሩ ወረዱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ታላቁ። «ጣሪያውን ስመታ አየር መውጫ አልተውኩለትም።»

«የለም፣ የኔ ነው» አለ ታናሹ። «ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም ቀባሁበት።»

ካውያዋን አስቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ሲወራወሩ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ሲሻሙበት ማየት አልዋጥልሽ አላት። ታናሹን ዓይን ዓይኑን አየችው፤ እሱ ድሮም እሷ ፊት መዋሸት አያውቅበትም። ከልብሱ የሚወጣው እንፋሎት ሽቅብ ሄዶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ እንደሚወርድ ቀስ ብሎ አስረዳት።

ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የልብስ ክምሩ ላይ ዘጭ እስክትል ሳቀች።

«እኔው ነኛ! ምነው ታዲያ ደበቃችሁኝ?»

«በዚህ ካውያ ያደግን ሰዎች ምን ብለን እንንገርሽ፣ እትዬ?» አለ ታላቁ።

ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከሳቁ ይሁን ከሌላ አልጠየቋትም።

አራት ቀን አብረው ሠሩ። ታላቁ በጣሪያው ሁለት ጫፍ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ከፍቶ ወፍ እንዳይገባበት ወንፊት ሽቦ ገጠመለት። ታናሹ የኮርኒሱን ስንጥቅ ደፈነ፣ የሻገተውን ልስን ፍቆ እንደገና ለሰነ። ለልብሱ ማድረቂያም ጓሮ ውስጥ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ አቆሙላት። መዶሻው የት ሄደ፣ ባልዲውን ማን ደፋው እየተባባሉ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ እሷ ከውስጥ ሆና ትሰማቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብርዱ ቢጠናም አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ አስራ ኮርኒሱን ትነካዋለች፤ ጨርቁ እንደደረቀ ይመለሳል። ደስ አላት፤ ነገር ግን ወንድሞቿን የምትጠራበት ሰበብ አለቀባት። በሦስተኛው ሳምንት የቤቱ በር ሲጥ ሲጥ ይላል ብላ ለሁለቱም ላከች። በር ማስተካከል የአንዳቸውም ሥራ አይደለም። ሁለቱም መጡ።