ዲንቄ ያመጣችው ቀይ ወይን

ዲንቄና የሺሐረግ አቃቂ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአንድ ፈረቃ ሲሠሩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሺሐረግ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከገባች ወዲህ ግን ከአፏ የማይጠፋው የጎረቤቷ የማህሌት ስም ነው። ማህሌት እንዲህ አለች፣ ማህሌት ይህን ገዛች። ዲንቄ ፈገግ ብላ ትሰማለች፤ ውስጧ ግን እርር ይላል።

ባለፈው ወር የሺሐረግ ቤት ምሳ ሲበሉ ማህሌት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። ዲንቄ ያመጣችውን ለስላሳ ዞር ብሎ ያየው የለም።

"ማህሌትዬ፣ አንቺ እኮ ታውቂበታለሽ" አለች የሺሐረግ።

ዲንቄን "ዲንቄዬ" ካለቻት ስንት ጊዜዋ።

የሚቀጥለው ምሳ ሲቃረብ ዲንቄ ከሥራ እንደወጣች አቃቂ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ሱፐርማርኬት ገባች። የማህሌትን ወይን አገኘችውና ዋጋውን አይታ ወደ ቦታው መለሰችው። መጠጥ የሚደረድሩትን ጠና ያሉ ሰው፣ "አባባ፣ ከዚህ የሚበልጥ፣ ግን ረከስ የሚል ይኖራል?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ሰውየው ጎንበስ ብለው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወጡ።

"ሰው ዓይኑ ፊት ያለውን አንስቶ ነው የሚሄደው። ይሄ የአገር ውስጥ ነው፤ ስኳር የለውም፣ ከሥጋ ጋር ግን ግሩም ነው። ከመቅዳትሽ በፊት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው።"

ዋጋው የዚያኛውን ግማሽ አይሞላም።

ቅዳሜ፣ የሺሐረግ ጓዳ ሥራ ላይ እያለች፣ ዲንቄ እንደተነገራት አደረገች። የሺሐረግ አንዴ ተጎንጭታ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

"ማህሌትዬ፣ ይሄ ካለፈውም ይበልጣል።"

ዲንቄ ልትጎርሰው ያነሳችውን ጥብስ መልሳ አስቀመጠችው።

"እኔ አይደለሁም፣ ዲንቄ ናት ያመጣችው" አለች ማህሌት። "ከየት አገኘሽው?"

"ሰው ነው የሰጠኝ። እዚህ አካባቢ አይገኝም።"

ማህሌት ጠርሙሱን አንስታ አዞረችው። ጀርባው ላይ የሱፐርማርኬቱ ስምና ዋጋ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ዲንቄ መላጡን ረስታዋለች። የሺሐረግ ልትቀዳ እጇን ስትዘረጋ ማህሌት ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ላጥ አድርጋ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችውና ጠርሙሱን አቀበለቻት።

"የሰጠሽ ሰው ምርጫ ያውቃል" አለች፣ ሌላ ሳትጨምር።

ዲንቄ ፊቷ ጋለ። ብታጋልጣት ይሻል ነበር፤ የምትጠላበት ምክንያት ታገኝ ነበር። ደግነቱንም እንዲህ ማሳመሯ ይብስ አንገበገባት።

ሲለያዩ ማህሌት እስከ ታክሲው ሸኘቻት።

"አቃቂ ነው የገዛሁት" አለች ዲንቄ መሬት መሬት እያየች። "ታችኛው መደርደሪያ ላይ አለ።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"የሺን ወሰድሽብኛ።"

ማህሌት ራሷን ነቀነቀች።

"እኔ ጋ ስትመጣ የምታወራው ስለ አንቺ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰልችቶኛል።"

ዲንቄ ታክሲው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ተጠግታ ተቀመጠች። ማህሌትም እንደሷ ስትቃጠል መክረሟን ማወቋ ደስ አሰኛት፤ በደስታዋ ትንሽ አፈረች፤ ደስታው ግን አቃቂ እስክትደርስ አልለቀቃትም።