የረቢአ የውሃ ተራ

ሸምሱ ፖለቲከኛ ከመሆኑ በፊት የውሃ አባታችን ነበር። ከቦርከና ወንዝ የጠለፍነውን ውሃ ለጨፋ ማሳዎቻችን በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ አማቹ ያለ ተራው ቦይ ከፍቶ ቢያገኘው፣ ሰው ፊት በአካፋ ዘጋበት፤ አማቹም ለወራት አኮረፈው። ምክር ቤት የላክነው ለዚሁ ነው። እንዲህ የማያዳላ ሰው ከሚሴ ከተማ ቢገባ ምን የማይሠራልን አለ ብለን።

ከሚሴ ገባ። ቢሮ አገኘ፣ ኮት ለበሰ፣ ስልኩን የማያነሳ ሰው ሆነ። ዘመኑ አልቆ ሌላ ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ መንደር ከረመ፤ ለቅሶ አይቀር፣ ሰርግ አይቀር። እውነቱን ለመናገር እኔን አናዶኛል።

በዚያው ሰሞን የረቢአ ሽንኩርት መጠውለግ ጀመረ። ረቢአ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አረብ አገር የቀሩባት ጎረቤቴ ናት። ተራው የእሷ ሆኖ ሳለ፣ ከላይ ያሉት እነ ፈረጅ ውሃውን ለበቆሏቸው ያዙት። አዲሱ የውሃ አባት ከማል አካፋውን ይዞ ሊዘጋባቸው ሲል፣ ሸምሱ ይዳኘን አሉ። በውሃ ነገር ዛሬም ከእሱ ቃል የሚወጣ የለም።

ቦዩ ዳር ተሰበሰብን። ሸምሱ የረቢአን ማሳ አየ። ከዚያ እነ ፈረጅን አየ። ወንድማማቹ፣ ሚስቶቹ፣ ለመምረጥ የደረሱት ልጆች፣ ሲቆሙ ግማሽ መንደር ናቸው።

"ተራው የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ" አለችው ረቢአ።

"እቴ ረቢአ፣ ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል። ኮሚቴ ይቋቋምና፣ ኢንሻአላህ፣ ከምርጫው በኋላ እናየዋለን።"

"ሽንኩርቱ እስከዚያ አይቆይም።"

ከማል አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቦዩን ሳይዘጋ ሄደ።

ኮሚቴው ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፈረጅ ሆነ። ሽንኩርቱ ደረቀ። ረቢአ ነቅላ ማሳው ዳር ስትከምረው አየሁ።

ሸምሱ አሸነፈ። ለምስጋና በየቤቱ ሲዞር የረቢአን በር ሊያልፈው ነበር፤ እሷ ናት የጠራችው።

"እኔም የመረጥኩት አንተን ነው" አለችው።

ፊቱ በራ። "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ እቴ ረቢአ። እኔ እኮ ቂም የያዝሽብኝ መስሎኝ..."

"ይዣለሁ እንጂ። ብትወድቅ ግን ወደ ውሃ አባትነትህ ትመለስብኝ ነበር" አለች። "ደግሜ ሽንኩርት ተክያለሁ።"