ለትልቁ ሞተር ያነሰች ራዲያተር

ጉንቮር ያልተናገረችው ነገር የለም፤ የሚሰማት ነው የጠፋው። ልጇ አይቪንድ የአሮጌዋን መኪና ሞተር አውጥቶ ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ሲገጥምባት፣ የጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ «ሞተሩን አሳደግህ፤ ራዲያተሩስ?» ብላው ነበር። «እማ፣ አንቺ ላሞችሽን እለቢ» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ተራራ ላይ ወተት ስታመላልስ ውሃ የፈላባት መኪና አልነበረም። ግን ማን ይቆጥርላታል? ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት አፍ እንጂ ጭንቅላት ያላት አይመስላቸውም።

ዛሬ ነገሩ ከአፍ አልፏል። ባሏ ሃልቫርድ ከኋላ ወንበር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያቃስታል። ኩላሊቱ የሚታጠብበት ሆስፒታል ከተራራው ማዶ ነው። የበረዶ አውሎ ነፋስ መንገዱን ዘግቶት የእጥበቱ ቀን አልፏል፤ ሄሊኮፕተርም አልተነሣም። ፊቱ አባብጧል፣ ትንፋሹ አጥሯል። ጠዋት መንገዱ የተከፈተው ለአጀብ ብቻ ነው፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ከፊት፣ መኪኖቹ ተከታትለው ከኋላ። መቆምም መቅደምም መውረድም ክልክል። ወደ ኋላ የቀረውን ነጩ በረዶ ይውጠዋል።

ዳገቱ እንደጀመረ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ወደ ላይ ተነሣ።

«ቀስቱን እይ» አለችው መሪውን የያዘውን ልጇን።

«አይቻለሁ። በዚህ ብርድ ደግሞ ምን ይፈላል?»

«ነፋሱ ከኋላችን ነው፤ ፍጥነትም የለንም። ያቺ ጭብጥ የምታህል ራዲያተር በምን ትቀዝቅዝ? ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት!»

ማሞቂያው የሞተሩን ትኩሳት ወደ ውስጥ ተፋው። መስኮቱን ስታወርድ በረዶው ጉንጯን ገረፋት። ሃልቫርድን ላብ አጠመቀው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሆስፒታል ሳንደርስ ልትቀቅይኝ ነው?»

«ዝም በል፤ ተቀቅለህም ቢሆን ትደርሳለህ።»

ቀስቱ ቀዩን ነካ። ያኔ ጉንቮር ክው አለች። «ካርቶኑ!»

የበረዶው ወራት ሲገባ ሞተር ቶሎ እንዲሞቅ ራዲያተር ፊት ካርቶን የማያስር ሰው በሸለቆው የለም። ጠዋት እጇ እንደለመደው አስራው ነበር።

አይቪንድ መሪውን ደበደበው። «ራዲያተሩ አነሰ እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ከርመሽ፣ ያችኑ ሸፈንሽብኝ?»

«አዎ፣ ሸፈንኩ! አሁን ጩኸትህ ያበርደዋል?»

በረዶ ጠራጊው ክምር ገጥሞት ለአፍታ ቆመ። ጉንቮር በሩን ከፍታ ዘለለች። ከኋላ ያለው ሹፌር ጡሩምባውን አስጮኸባት። ነፋሱ ሊጥላት ሲታገል ኮፈኑን ተደግፋ ሄደች፤ ካርቶኑን በባዶ እጇ ቦጫጭቃ ጣለችውና ተመለሰች። ጣቶቿ በሩን ለመዝጋት እንኳ እምቢ አሏት።

ቀስቱ ጥቂት ወረደ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ግን እንደገና ሽቅብ ሆነ። አይቪንድ ከጠራጊው ላለመራቅ ነዳጁን ይረግጣል።

«እግርህን አንሣ!»

«ከቀረን እንጠፋለን!»

«ከፈላ እዚሁ እንቀራለን! በረገጥክ ቁጥር እሳት ነው የምትጨምረው፤ ራዲያተሩ የሚችለው የድሮውን ሞተር ያህል ነው። እንደ ድሮው ሞተር ንዳው! ጉልበት አለኝ ብለህ ሁሉን አታውጣው።»

አይቪንድ አባቱ ሲያጣጥር ሰማና እግሩን አነሣ። የጠራጊው ቢጫ መብራት ራቀ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ጡሩምባቸውን አንጫጩት። አይቪንድ መንገዱን እንዲያመለክቱ ዳር ዳሩን የተተከሉትን እንጨቶች አንድ በአንድ እየፈለገ ነዳ። ቀስቱ ቀዩ ጠርዝ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አልወጣም፣ አልወረደም። በመጨረሻ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች አዘነበለ፤ ቁልቁለቱ ተቀበላቸው፤ ቢጫው መብራትም ከታች ብልጭ አለ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሃልቫርድን በአልጋ እየገፉ ወደ እጥበቱ ክፍል አስገቡት። «ደርሷል» አለች ነርሷ። አይቪንድ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ለእናቱ ሊስቅላት ሞከረ።

ጉንቮር ያበጠ መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ።»

«እማ፣ አሁን እኮ…»

«አባትህ በዚህች መኪና፣ እንዲህ እንዳለች፣ ያንን ተራራ ዳግመኛ አይወጣም። በእግርህ ሂድ፤ ለዚህ ሞተር የሚበቃ ራዲያተር ከየትም ፈልገህ፣ ተሸክመህ ና። እስከዚያ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አምጣ አልኩህ!»