አቶ ከበበ የሞቱበት ከሰዓት

«ለእንጦጦ ግርጌ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የመንደራችን የአደጋ መከላከል ኮሚቴ፣ ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የተለገሰውን አንድ የድምፅ ማጉያ ከነባትሪው ተረክቦ፣ በከፍተኛ ጭብጨባ ቁምሳጥን ውስጥ ያስገባ መሆኑን በታላቅ ደስታ ይገልጻል።»

ማስታወቂያው የተለጠፈው በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ማጉያው የመጣው ለቁም ነገር ነበር፤ ከጋራው ጎርፍ ሲወርድ ወንዙ ዳር በጭቃ ቤት የሚኖሩትን ቀድሞ ለማስጠንቀቅ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ሊቀመንበሩ አቶ ከበበ ኪስ ተቀመጠ። ነሐሴ ሲገባ አቶ ከበበ ቁልፉን እንደያዙ፣ ስለ ጎርፍ አደጋ ሊሠለጥኑ አዳማ ወረዱ።

በሄዱ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የጋራው አናት ጠቆረ። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ዲንሳ ላሞቻቸውን ሊመልሱ ወጥተው ኖሮ፣ ወንዙ ከላይ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ አዩት። እየሮጡ ወርደው ወንዙ ዳር ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች አንኳኩ። የወጣ የለም። አንዱ፣ ዝናብ እንደሆነ በየዓመቱ ነው አላቸው። እንጨት ለቃሚዋ ለተጊዮርጊስ ደግሞ ነገ ሾላ ገበያ የምታወርደውን ሸክም ለማን ጥላ፣ ሁለት ልጆቿንስ በዚህ ዶፍ ይዛ የት እንደምትገባ ጠየቀቻቸው።

ቤታቸው ገብተው ጥሩንባውን ይዘው ወጡ። ሦስት ጊዜ ነፉ።

«አቶ ከበበ አርፈዋል። ሁላችሁም አሁኑኑ ወደ ላይ፣ ቤታቸው ድረስ። ልጅ ያለው ልጁን ይዞ።»

ለጎርፍ ያልተነሳ መንደር ለለቅሶ ተነሳ። ከሰው ለቅሶ የቀረ በራሱ ቀን ማን ይቆምለታል? የአቶ ከበበ ቤት ጉብታው ላይ ነው፤ ላጤ ስለሆኑ በመርዶው የምትደነግጥ ሚስት የለችም። ለተጊዮርጊስ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን እየጎተተች፣ «መሞቻ ቀን አጥቶ ነው?» እያለች ዳገቱን ወጣች።

የድንኳኑ ገመድ ሳይጠብቅ ከታች እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ነገር መጣ። ሰባት ቤት እያዩት ሄደ፤ የለተጊዮርጊስም አብሮ። ሰው ተቆጠረ፤ የጎደለ አልነበረም። ያኔ፣ እስካሁን ለደንቡ ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ ከልቡ አለቀሰ። በማግስቱ አቶ ከበበ የሥልጠና ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ፣ በስማቸው በተተከለው ድንኳን ውስጥ የለተጊዮርጊስ ልጆች ተኝተው ነበር።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሕያው ሰው ሞተ ብሎ የለፈፈ ጥሩንባውን ያስረክባል ይላል ደንቡ፤ ጋሽ ዲንሳ ሃያ ሁለት ዓመት ይዘውታል። የእድሩ ዳኛ፣ በቂ ምክንያት ካቀረቡ ይታለፋሉ ብለው መንገድ ከፈቱላቸው። ጎርፉን ሁሉም ስላየው ስለ እሱ የጠየቀ የለም። አቶ ከበበ ግን እጃቸውን የቁምሳጥኑ ቁልፍ ካለበት ኪስ ሳያወጡ ተነሱ።

«በዚህ ጋራ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት በሽተኛ እያለ፣ ጋሽ ዲንሳ፣ ከሰው ሁሉ እኔን ምን ብለው መረጡኝ?»

ለተጊዮርጊስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ዲንሳ።

ጸሐፊው፣ ለቃለ ጉባኤው እንኳ አንድ ቃል ይበሉ ብሎ ለመናቸው።

«ለቃለ ጉባኤውም አልናገርም» አሉና ጥሩንባውን ዳኛው ፊት አስቀመጡ።