በሁዳዴ የዳሩኝ ኦቦ ዱቤ

ቡራዩ፣ ኦቦ ዱቤ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ ለግንቦት የምንዘጋጀው ያኔ ነው። የጀርባ መጋረጃ አጠብኩ፣ ሌንስ ወለወልኩ፣ የተገነጣጠለ አልበም ለጠፍኩ።

ከዚያ ኦቦ ዱቤ መስኮቱ ላይ የሚሰቀል የሙሽራ ፎቶ አማራቸው። እውነተኞቹ ሙሽሮች "የእኛ አይሰቀልም" ስላሏቸው የኪራይ ቬሎ አለበሱኝ። ጎረቤታችንን ፀጉር ቆራጩን ገመቺስን ደግሞ ሱፍ አልብሰው አጠገቤ ገተሩት። ፎቶው ከእኔ ቁመት በልጦ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እያለቀሰች መጣች። ሰዉ "ልጇን በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ያውም በጾም፣ ተደብቃ ዳረች" እያለ ነው። ሁለተኛ ከቤት አልወጣም አለች።

ወደ ፎቶ ቤቱ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ፎቶውን ያውርዱልኝ።"

"ግንቦት ይለፍና" አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ። "ምን ጎደለብሽ? አምረሻል።"

"እናቴ ቤት ተደብቃ እኔ መስኮት ላይ አምሬ ልታይ?"

ማርከር አነሳሁና ከውጭ በኩል የመስኮቱ መስታወት ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "ሠርግ የለም። ቬሎው የኪራይ፣ ሙሽራው ፀጉር ቆራጭ፣ ውሸቱ የኦቦ ዱቤ።"

ፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ሚኒባስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየመጣ ያነባል፣ ይስቃል። ኦቦ ዱቤ ወጥተው አነበቡት።

"ገበያዬን ገደልሽው። አጥፊው።"

"ፎቶው ሲወርድ ይጠፋል" አልኩና በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከምሳ በፊት መሰላል አወጡ። ሁልጊዜ መሰላሉን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ዛሬ አልያዝኩም።